ተጫዋቾች የሚጽፉት ነገር እየሻገተብን ነው፤ በምን እናድሰው? (ድሬዳዋ)

ሳቢያን_07 (ጠያቂ)

ሰላም ጀመዓ። ድሬ ላይ ያለ የጌመሮች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ከሺህ በላይ አባል አለው፤ ከሳቢያን፣ ከከዚራ፣ ከገንደ ቆሬ፣ የቀሩት ከሐረርና ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። በብዛት የሚጫወቱት ኢፉትቦል (የእግር ኳስ ጌም) እና ፍሪ ፋየር (የተኩስ ጌም) ነው። ጥቂት ልጆች ደግሞ ማይንክራፍት (በብሎክ የሚገነባበት ጌም) ላይ ከተማ ሠርተው በየተራ ታሪክ ይጽፉለታል። ግሩፑ የሚወደደው ጽሑፉን ራሳቸው ተጫዋቾቹ ስለሚጽፉት ነው፦ የአሰላለፍ ምክር፣ የስልክ ሴቲንግ፣ የውድድር ዘገባ፣ የከተማው ታሪክ።

አሁን ቀዝቅዟል። ፒን ያደረግነው የሴቲንግ ጽሑፍ ከስንት አፕዴት በፊት የተጻፈ ነው፤ አዲስ ገቢ ይሞክረውና «አይሠራም» ብሎ ይመለሳል። የሚጽፉት ሁልጊዜ እነዚያው አራት አምስት ልጆች ናቸው። «3 ጂቢ ራም ላለው ስልክ የቱ ግራፊክስ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ አያልቅም። በሞባይል ካርድ ሽልማት ውድድር ስናወጣ ደግሞ ከዩቲዩብ የተገለበጠና በኤአይ የተጻፈ ጎረፈ። የማይንክራፍቱ ታሪክ ሁሉም ራሱን ንጉሥ እያደረገ ቆሟል።

ከየት ልጀምር? በሳምንት ስንት ጽሑፍ ይበቃል? የቆየውን ላጥፋው ወይስ ልተወው? አድሚኖቹ ሦስት ነን፣ ጊዜ ያለን ማታ ማታ ብቻ ነው።

ቀፊራ_ማህደር

አቦ፣ አዲስ ጽሑፍ ፍለጋውን ለጊዜው ተወው። ካልከው እንደምረዳው የጽሑፍ እጥረት የለባችሁም። የጎደለው አንባቢው የቱ እንደሚሠራ፣ የቱ ጊዜው እንዳለፈ የሚለይበት ምልክት ነው። አንዴ ባለፈበት ምክር የተሸወደ ልጅ ከዚያ በኋላ ትክክለኛውንም አያነብም፤ በቀጥታ ግሩፑ ላይ ይጠይቃል። የማያልቀው የራም ጥያቄ የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

ያለውን በሦስት ክምር ለየው። አንደኛው በየአፕዴቱ የሚሞት ነው፦ የመሣሪያ ጉልበት፣ «የዚህ ሳምንት ምርጥ የተጫዋች ካርድ»፣ የኢቨንት መመሪያ። ሁለተኛው ቀስ ብሎ የሚያረጅ ነው፦ ግራፊክስ፣ ሴንሲቲቪቲ፣ የቁልፍ አቀማመጥ። ሦስተኛው የማያረጅ ነው፦ ስኳድ ውስጥ ማን ቀድሞ ይገባል ማን ይሸፍናል፣ ተከላካይን ከቦታው ጎትቶ ማውጣት ምን ያስከፍላል፣ አካውንት እንዴት ይጠበቃል። ግሩፖች ጉልበታቸውን አንደኛው ላይ ይጨርሳሉ፤ ቶሎ ላይክ የሚያመጣው እሱ ነዋ። ዓመት ሙሉ የሚነበበው ግን ሦስተኛው ነው፣ ጥሩ ጸሐፊዎቻችሁን ወደዚያ ግፏቸው።

ከዚያ እያንዳንዱ ጽሑፍ አናቱ ላይ እነዚህን ይያዝ፦ የጌሙ ስምና የስሪቱ ቁጥር (በግምት ሳይሆን ከጌሙ ሴቲንግ ገጽ ተገልብጦ)፣ የተሞከረበት ቀን፣ የተሞከረበት ስልክና ራም፣ የጻፈውና የሞከረው ልጅ የቅጽል ስም፣ እንደገና የሚታይበት ቀን። የአንደኛው ክምር መታያ ቀን ቀጣዩ አፕዴት ነው፤ ለሁለተኛው 3 ወር፣ ለሦስተኛው 1 ዓመት ስጠው። የወሩን ስም በፊደል አስጽፍ። «11/1» ብቻ ከተጻፈ ሐምሌ 1 ይሁን ኖቬምበር 1 ወይስ ጃንዋሪ 11 ማንም አያውቅም፣ የጌሙ ማስታወቂያ ደግሞ በፈረንጅ ቀን ነው የሚመጣው።

አሁን ስለ ቦታው። መመሪያ ግሩፕ ውስጥ አይቀመጥ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተራ አባል የራሱን መልእክት ማረም የሚችለው ለ48 ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ስህተት ቢያገኝበት አዲስ ይጽፋል፣ አሮጌውም እዚያው ይቀራል፤ ሁለት የሚጣሉ ጽሑፎች ይኖሯችኋል ማለት ነው። ቻናል ክፈቱና ከግሩፑ ጋር አገናኙት። ቻናል ላይ የማረም ፈቃድ ያለው አድሚን የፈለገ ጊዜ ያርማል፣ ሊንኩም አይቀየርም፣ አስተያየቱ ግሩፑ ውስጥ ይወርዳል። በተጨማሪ ቻናል ስንት ሰው እንዳየው ይቆጥርልሃል፤ ግሩፕ አይቆጥርም።

ርዝመት ላይ ተጠንቀቅ። አንድ መልእክት የሚይዘው 4,096 ፊደል ነው፣ በአማርኛ ወደ 700 ቃል ይሆናል። ፎቶ ሥር የሚጻፍ ከሆነ ግን ያለ ፕሪሚየም 1,024 ፊደል ብቻ ነው፤ ወደ 180 ቃል። ብዙ ጸሐፊ ይህን ሳያውቅ ረጅሙን ጽሑፍ ፎቶ ሥር ሊለጥፍ ሲል ይቆረጥበትና ተናዶ ይተወዋል። ጽሑፉን ለብቻው አስቀድሙ፣ ፎቶዎቹን አስተያየት መስጫው ውስጥ በቁጥር አስከትሉ፣ ጽሑፉ ላይ «ፎቶ 2ን ተመልከት» በሉ።

ፍለጋ ሌላው ራስ ምታት ነው። አንዱ «ሴቲንግ»፣ ሌላው «ሰቲንግ»፣ ሦስተኛው «ሤቲንግ» ይጽፋል፤ ቴሌግራም ደግሞ እነዚህን እንደ አንድ ቃል አይቆጥርም። ስለዚህ ከ12 የማይበልጥ ቋሚ ሃሽታግ አውጡ፣ ለምሳሌ #ኢፉትቦል_አሰላለፍ፣ #ፍሪፋየር_ሴቲንግ፣ #አካውንት_ጥበቃ። ዝርዝሩን ፒን አድርጉት፣ ሃሽታጉን ጸሐፊው ሳይሆን የሚለጥፈው አድሚን ብቻ ያስገባ። ለጸሐፊ ከተውከው በአንድ ወር ውስጥ ሃምሳ ዓይነት ይሆናል።

የማደሻ ቀን ይኑራችሁ። ኢፉትቦል አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስ ሐሙስ ነው ሰርቨሩን ዘግቶ የሚያድሰው። ፍሪ ፋየር ትልቁን አፕዴት በግምት በየሁለት ወሩ ያወጣል። ሐሙስ ማታ አንድ አድሚን የአፕዴቱን ማስታወቂያ ያንብብ፣ የተነኩትን ጽሑፎች ሁሉ አናታቸው ላይ «ይረጋገጥ» ይበልባቸው፣ ማረሙን ለቅዳሜ ይተወው። ምልክቱ ሳይዘገይ መግባቱ ከእርማቱ ይበልጣል። በወጣ በመጀመሪያው ምሽት የሚጻፍ መመሪያ ብዙውን ጊዜ ግምት ነው፤ ሁለት ቀን ሳይጫወቱበት አትቀበሉ።

ለገሀር_ማታ

ቀፊራ ያለው ላይ አልጨምርም፣ ጸሐፊ ስለማግኘት ግን ልበል።

«ጻፉ» ብሎ ማስታወቂያ ማውጣት አይሠራም። ሰው የሚጽፈው ጠባብ ጥያቄ ሲቀርብለት ነው። «ስለ ኢፉትቦል ታክቲክ ጻፍ» ሲባል የሚጠፋው ልጅ፣ «ተጋጣሚህ ኩዊክ ካውንተር (ፈጣን መልሶ ማጥቃት) ይዞ ቢመጣና ያንተ ቡድን ፖዜሽን ጌም (ኳስ ይዞ መጫወት) ቢሆን ሁለቱን ፉልባኮች ምን ታዛቸዋለህ? ዲፌንሲቭ (ወደ ፊት አትሂድ) የሚለውን ትእዛዝ ለየትኛው ትሰጠዋለህ? ለምን?» ስትለው ሦስት አንቀጽ ይተፋልሃል። ለፍሪ ፋየርም እንደዚያው፦ «ክላሽ ስኳድ (አራት ለአራት ግጥሚያ) ላይ ሁለት ለሁለት ቀርታችሁ አንድ ግሉ ዎል (የሚተከል መከላከያ ግድግዳ) ብቻ ብትይዝ የት ታቆመዋለህ?» ጥሩ ጥያቄ ሁኔታ አለው፣ የጎደለ ነገር አለው፣ ከአንድ በላይ መልስ አለው። አንድ መልስ ብቻ ካለው ጥያቄው ለኩዊዝ ፖል ይሁን እንጂ ለጽሑፍ አይበቃም።

ጥያቄውን ከራስህ አትፍጠር፣ ከቻቱ ልቀመው። በሳምንት አንዴ አንድ አድሚን 30 ደቂቃ ቁጭ ብሎ የሳምንቱን ቻት ወደ ላይ ይመልከት። ሦስት ጊዜ የተደገመ ጥያቄ ካለ ርዕስ ነው። ሁለት ሰዎች የተከራከሩበት ካለ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ርዕስ ነው፤ ሁለቱንም በየፊናቸው 200 ቃል አስጽፋቸውና በአንድ ላይ አውጣው። በክርክር የተጻፈ ነገር ከምክር ይልቅ ይነበባል።

መጻፍ የማይወዱ ጎበዝ ተጫዋቾች አሉ፣ ድሬ ላይ ደግሞ ብዙዎቹ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ነው ዘና ብለው የሚያወሩት። በድምፅ ተቀበላቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አራት ጥያቄ በጽሑፍ ይላክለታል፣ ለእያንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ የድምፅ መልእክት ይመልሳል፣ ቋንቋውን የሚችል ሌላ ልጅ ወደ 250 ቃል አሳጥሮ ይጽፈዋል፣ ከመውጣቱ በፊት ተናጋሪው አንብቦ «ይሁን» ይላል። ስሙ መጀመሪያ የሚጠቀሰው የተናጋሪው ነው፣ የጸሐፊው ቀጥሎ። ያ ፈቃድ ከተዘለለ ፀብ ይመጣል። «እንደዚያ አላልኩም» ያለ ጎበዝ ልጅ ሁለተኛ አያወራልህም።

ሦስተኛ ሰው ደግሞ ሞካሪ ነው። ነገሩን የማያውቅ አዲስ ገቢ መሆን አለበት። መመሪያውን እየተከተለ ሲሞክር የቆመበት ቦታ፣ እዚያ ጋ አንድ ደረጃ ተዘሏል ማለት ነው። ጎበዝ ተጫዋች የሚዘለው ሁልጊዜ የመጀመሪያውን እርምጃ ነው፣ «ይህማ ይታወቃል» ብሎ። በነገራችን ላይ አዲስ ገቢን ወደ ጸሐፊነት የሚያስገባው በር ይኸው ሞካሪነት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ የሞከረ ልጅ አራተኛው ላይ እርማት ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ የራሱን።

ሽልማቱን እንዲህ ቀይረው። ላይክ ቆጥሮ መሸለም ይቅር፤ ላይክ ጓደኛ ያለው ነው የሚያሸንፍበት። ብዛት ቆጥሮ መሸለምም ይቅር፣ የተገለበጠው ጎርፍ የመጣው ከዚያ ነው። የ50 ብር ካርድ ካላችሁ በወር ሁለት ብቻ ስጡ። አንዱ የቆየ ጽሑፍ ላይ ስህተት አግኝቶ ላረመ፣ ሌላው ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ያ ጥያቄ ቻቱ ላይ መምጣት ላቆመለት ሰው። የመጀመሪያውን ማንም ግሩፕ አይሸልመውም፣ ጽሑፉን ትኩስ የሚያደርገው ግን እሱ ነው።

የተገለበጠ መሆኑን ለማወቅ ከመሐል ለየት ያለ ሐረግ፣ ስድስት ስምንት ቃል፣ በጥቅስ ምልክት አድርጋችሁ ጎግል ላይ ፈልጉ። ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ከሆነ ይህ አይይዝላችሁም። ስለዚህ ከጽሑፉ ጋር የስሪት ቁጥሩ የሚታይበት ስክሪንሾትና ከራሱ ጨዋታ የተቀዳ 15 ሰከንድ ቪዲዮ ጠይቁ። በኤአይ ያስጻፈው ልጅ ጽሑፉ ለስላሳ ሆኖ ቁጥር የለውም፣ ወይም ጌሙ ውስጥ የሌለ ቁልፍ ይጠቅሳል። አንድ ተከታይ ጥያቄ በቂ ነው፦ «ይህን ስታደርግ መጀመሪያ ምን ተበላሸብህ?» የተጫወተ ሰው ወዲያው ይመልሳል። አማርኛውን ለማስተካከል ብቻ ኤአይ የተጠቀመውን ግን አታባርሩት፣ መረጃው የራሱ ከሆነ ይበቃል።

ደቻቱ_ዜድ

በሽልማቱ አልስማማም። ካርድ የሚሰጥበት ግሩፕ ካርዱ ያለቀ ቀን ይሞታል። የምትሰጡት ነገር ሥልጣን ይሁን፦ ሦስት ጽሑፉ ታርሞ የወጣለት ልጅ የቻናሉ አድሚን ይሁንና መለጠፍ ብቻ የሚችልበት ፈቃድ ይሰጠው፣ መሰረዝና አባል ማስወጣት ሳይጨመር። ቴሌግራም ፈቃዱን አንድ በአንድ ለይቶ መስጠት ይችላል። ከስሙ ጎን «የአሰላለፍ አዋቂ» የሚል አጭር ማዕረግ ግሩፑ ላይ ማስገባትም ይቻላል፣ 16 ፊደል ድረስ። ልጆች ለሱ ነው የሚሞቱት።

ለገሀር_ማታ

ማዕረጉ ጥሩ ነው፣ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ይወርዳል? ካልወረደ ዓመት ያልጻፈ ሰው «አዋቂ» ተብሎ ይቀመጣል። ለ3 ወር ይሁን፣ በጻፈ ወይም ባረመ ቁጥር ይታደስለት። ካርዱን ያልኩት ለአራሚው ነው፣ ያን ሥራ በነፃ የሚወደው ሰው ጥቂት ስለሆነ።

ሸዋ_በር

ከሐረር ነኝ፣ ስለ ከተማው ታሪክ ብቻ ልመልስ።

«ሁሉም ንጉሥ ሆነ» ያልከው የጸሐፊዎቹ ጥፋት አይደለም፣ የሕግ ጉድለት ነው። ማንም የፈለገውን ያለ ዋጋ ማግኘት ከቻለ በሁለተኛው ተራ ሁሉም የሚፈልገውን ይዟል፣ ታሪኩም የሚሄድበት የለውም። ጥረት የሚፈጥረው እጥረት ነው። ከተማችሁ ውስጥ በቁጥር የተወሰኑ ሦስት ነገሮች ይኑሩ፤ ለምሳሌ ውሃ፣ የእህል መጋዘን ቁልፍ፣ የበር ቀረጥ። አንድ ገጸ ባሕሪ አንዱን ባገኘ ቁጥር ሌላውን ይጣ። ይህ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ተራው እንዲህ ይሁን፦ አንድ ክፍል ከ120 እስከ 200 ቃል፣ ለተረኛው 72 ሰዓት፣ ካለፈው ያለ ጭቅጭቅ ለቀጣዩ ይሄዳል። ሌላው ሰው የፈጠረውን ገጸ ባሕሪ መግደል፣ ማጋባት፣ ማሳበድ ያለ ፈቃዱ ክልክል። እያንዳንዱ ክፍል ያልተፈታ አንድ ነገር ትቶ ይለቅ፤ ቀጣዩ ሰው መነሻ እንዲያገኝ። ከ8 ክፍል በኋላ አንድ አራሚ 100 ቃል ማጠቃለያ ይጻፍ፣ አዲስ ገቢ ከዚያ ተነሥቶ መግባት ይቻለው። አዲስ ሰው የማይገባው ብዙ ጊዜ 60 ክፍል አንብብ ስለሚባል ነው። «የጸና ነገር» የሚል ዝርዝርም ያዙ፣ ከ20 መስመር አይብለጥ፦ ማን ሞቷል፣ ድልድዩ የት ነው፣ ውሃው በማን እጅ ነው። ከዚያ ከበለጠ ማንም አያነበውም፣ ካልተነበበ ደግሞ የሞተው ሰው በአሥራ አምስተኛው ክፍል ገበያ ላይ ቡና ሲጠጣ ታገኘዋለህ።

እዚህ አገር ላይ ያለ መዋቅር ተጠቀሙ። ጁገል (በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ) አምስት የቆዩ በሮች አሉት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ለእያንዳንዱ በር ሦስት ጸሐፊ መድቡ። የአንዱ በር ሰው ወደ ሌላው ሰፈር የሚገባው በበሩ ሲያልፍ ብቻ ነው፣ ሲያልፍም የዚያ በር ጸሐፊዎች ይወስናሉ። አምስት ትናንሽ ታሪክ ይሆናል፣ አንዱ ቢቆም አራቱ ይሄዳሉ። ሁሉንም በአንድ ክር መስቀል ነው የሚገድለው።

ለእናንተ ለድሬዎች ደግሞ ባቡሩ አለላችሁ። ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ሲደርስ ወደ ሐረር አልወጣም፣ ተራራው ከባድና ውድ ስለነበር። ከዚያ በኋላ ንግዱ ከላይ ወደ ታች ወረደ፣ ድሬም የበቀለችው በዚያ ነው። ይህ የተዘጋጀ ግጭት ነው፦ ላይ ያለው ነጋዴ ዕቃውን በግመል ያውርድ ወይስ ሱቁን ዘግቶ ጣቢያው አጠገብ ይክፈት? በየሳምንቱ ቅዳሜ «ባቡር ገባ» ብላችሁ አድሚን አንድ እንግዳ ሰውና አንድ ያልተለመደ ዕቃ ያውርድ። ታሪኩ ሲደክም የሚቀሰቅሰው ከውጭ የሚገባ ነገር ነው፣ የነባሮቹ ጀግንነት አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። በጁገል ውስጥ 82 መስጊድና 102 አዋች (የወሊዮች መዘከሪያ ቦታ) እንዳሉ ዩኔስኮ መዝግቧል፣ ድሬም ላይ ያው መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም አለ። የጭራቅ ዋሻ፣ የሀብት መደበቂያ፣ የጦር ሜዳ አታድርጓቸው። ሕንፃው በዳራ ይታይ፣ ገጸ ባሕሪ አይሁን። በሕጉ ውስጥ ከመጀመሪያው ጻፉት፤ ፀብ ከተነሣ በኋላ የሚወጣ ሕግ አንድ ወገን ላይ የተወሰነ ይመስላል።

ቴክኒኩ ላይ፦ ማይንክራፍት ሁለት ዓይነት ነው፣ ቤድሮክና ጃቫ (የኮምፒውተሩ)፤ ስልክ ላይ የሚጫወቱት ቤድሮክ ነው። ዩቲዩብ ላይ ካየው ግማሹ የጃቫ ነው፣ የሬድስቶን (የጌሙ ኤሌክትሪክ) ሥራ ሲገለበጥ አይሠራም፤ ጃቫ ላይ ፒስተን (ብሎክ የሚገፋው) ከአንድ ብሎክ በላይ ካለ ኃይል ሊነሣ ይችላል፣ ቤድሮክ ላይ የለም። የጽሑፍ አናት ላይ «ቤድሮክ» ወይም «ጃቫ» የሚል ቃል ይግባ። ጌሙ ውስጥ መጽሐፍ የምታስጽፉ ከሆነ ቤድሮክ ላይ 50 ገጽ ነው ጣሪያው፣ አንዴ ሳይን ከተደረገ (ከተፈረመ) ደግሞ አይታረምም። አራሚው ሳያየው ማንም ሳይን አያድርግ። የሰሌዳ ጽሑፍ አራት መስመር ብቻ ስለሚይዝ ለአቅጣጫ እንጂ ለታሪክ አይሆንም። ተልእኮ የሚጽፍ ሰው የቦታውን ሦስት ቁጥሮች፣ ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ፣ ያስቀምጥ፤ ቁጥሩ ስልክ ላይ እንዲታይ በዓለሙ ሴቲንግ «ሾው ኮኦርዲኔትስ» መብራት አለበት። ሪልምስ (የማይንክራፍት የኪራይ ሰርቨር) ከሆነ ከባለቤቱ ሌላ በአንዴ ቢበዛ 10 ሰው ነው የሚገባው፣ ተልእኮውን ለ20 ሰው አታቅዱት።

ቀፊራ_ማህደር

የጸና ነገሩ ዝርዝር ቻናል ላይ አንድ ፖስት ይሁን፣ እዚያው ይታረም። አዲስ በወጣ ቁጥር አዲስ ፖስት ካደረጋችሁት የቱ የመጨረሻው እንደሆነ ይጠፋል።

ኤረር_ስኳድ

ስለ ሰዓት ማንም አላነሣም። ኢቨንት ማስታወቂያ ላይ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ተብሎ የሚመጣውን ሰዓት ልጆች በተለያየ መንገድ ይቀይሩታል፣ ከዚያ «ውሸት ነው» ይባላል። መቀየሪያው ቀላል ነው፤ ከዩቲሲው ላይ 3 ቀንስ፣ ከ12 ከበለጠ 12 ጣልለት። ዩቲሲ 14፡00 የእኛ 11 ሰዓት ከቀኑ ነው። ዩቲሲ 00፡00 ደግሞ 24 ብለህ 3 ስትቀንስ 21፣ 12 ስትጥል 9 ይመጣል፤ ሌሊት 9 ሰዓት። ሌሊቱ ወደ ነገ የተሻገረ መሆኑንም ጻፉ፣ «ዓርብ ሌሊት» ሲባል ሐሙስ ለዓርብ ነው ወይስ ዓርብ ለቅዳሜ የሚል ክርክር አያልቅም።

ብዛት ጠይቀሃል። ሦስት አድሚን ከሆናችሁ በሳምንት ሁለት አዲስና አንድ የታደሰ፣ ከዚያ አይለፍ። ያልታየ ጽሑፍ ከበዛ የሚያርመው ሰው አይኖርም። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሰውን ቤት ስለሚያስቀምጠው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ስልክ ላይ ብዙ ሰው አለ፣ ረጅሙን ጽሑፍ ያኔ ልቀቁት። ከማታ 2 ሰዓት በኋላ ጨዋታ ላይ ስለሆኑ አጭር ጥያቄና ፖል ነው የሚመለሰው። በረመዳን ይገለበጣል፣ ከተራዊህ በኋላ ነው ግሩፑ የሚነቃው። ለቁልቢ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ሰውም መንገድ ላይ ነው ኔትወርኩም ይጨናነቃል፤ ውድድር አትያዙ። ሐረሮች ደግሞ የሸዋል ዒድ ሰሞን አይገኙም። ቴሌግራም ላይ በአንድ ቻት እስከ 100 መልእክት ቀድሞ ቀጠሮ ማስያዝ ስለሚቻል የሳምንቱን እሑድ ማታ ጨርሱት።

ዳታ የሚቆጥብ ሰው ብዙ ነው። 10 ደቂቃ ቪዲዮ ከ70 ሜጋ በላይ ይበላል፤ 15 ሰከንድ በ480 ፒ ከ2 እስከ 3 ሜጋ ነው። ስክሪንሾት እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ይላክ፣ ቴሌግራም ያሳንሰዋል። የጽሑፉ ዋና ነገር ቪዲዮው ውስጥ ብቻ ከሆነ ግማሹ ሰው አላየውም በሉ።

ሳቢያን_07 (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ ጀመዓ፣ ጠቅሞኛል። ሁለት ነገር ይቀረኛል። ያለፈባቸውን ጽሑፎች ላጥፋቸው? ደግሞ ግሩፑ የአንድ ልጅ አካውንት ላይ ነው ያለው፣ ሲሙ ቢጠፋስ?

ቀፊራ_ማህደር

አታጥፋ። ሁለት ምክንያት አለ። ጌሞች የቀነሱትን ጉልበት አንዳንዴ መልሰው ይሰጣሉ፣ ያኔ አሮጌው ጽሑፍ ግማሽ ሥራ ተሠርቶ ይጠብቅሃል። ሌላው፣ የጻፈው ልጅ ሥራው ሲሰረዝ ያያል። «ያለፈበት» ብለህ አናቱ ላይ ጻፍና አዲሱን ሊንክ አስገባ፣ ፒኑን አንሣ፣ ሃሽታጉን ወደ #ማህደር ቀይር። የሚጠፋው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ «ዳይመንድ (የፍሪ ፋየር ገንዘብ) በነፃ» የሚል ሊንክ፣ የአካውንት ሽያጭ፣ ፓስወርድ የሚጠይቅ ማንኛውም ነገር። እሱ ሳይውል ሳያድር ይሂድ፣ ለጣፊውም ይውጣ። ስክሪንሾት ላይ ኢሜይል ወይም ስልክ ቁጥር ከታየም ሸፍነህ መልሰህ ለጥፈው።

ለባለቤትነቱ፦ ልጁ ዛሬውኑ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከኮዱ ሌላ ተጨማሪ ፓስወርድ) ያብራ፣ መመለሻ ኢሜይሉንም ያስገባ። ባለቤትነት ለሌላ ማዛወር የሚቻለው ያ ከበራ 7 ቀን ካለፈ በኋላ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሲሙ እስኪጠፋ ከጠበቃችሁ ረፍዷል። ከዚያ ሁለተኛ አድሚን ሙሉ ፈቃድ ይያዝ። ቅጂ ደግሞ በወር አንዴ፦ ኮምፒውተር ላይ በቴሌግራም ዴስክቶፕ የቻናሉን ታሪክ በኤችቲኤምኤል ኤክስፖርት ማድረግ ይቻላል። ፎቶ ሳይጨመር ጥቂት ሜጋ ነው የሚሆነው፣ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል። የማይንክራፍት ዊኪ ጸሐፊዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ከነበሩበት ድረ ገጽ ወጥተው የራሳቸውን ሲከፍቱ ሥራቸውን ይዘው መሄድ የቻሉት ጽሑፉ ሊገለበጥ የሚችል ሆኖ ስለተቀመጠ ነው።

ሳቢያን_07 (ጠያቂ)

በዚህ ሳምንት መለየቱን እንጀምራለን። ጽሑፎቹ ወደ 90 ይሆናሉ፣ ሁሉንም ማየት አለብን?

ለገሀር_ማታ

የለም። ግሩፕ ላይ እይታ አይቆጠርም፣ ስለዚህ ባለፈው አንድ ወር ሰዎች ፎርዋርድ ያደረጓቸውን ወይም ሊንካቸውን ለአዲስ ገቢ የላኩትን ብቻ አውጡ፤ ከ15 አይበልጡም። እነሱን ለሦስታችሁ አምስት አምስት ተካፈሉ። የቀረውን ሰው ሲጠይቅበት ታዩታላችሁ። መጀመሪያ ግን ፒን ያለውን የሴቲንግ ጽሑፍ ዛሬ ማታ አንሱት፣ አዲሱ ባይደርስም።

ኤረር_ስኳድ

የ3 ጂቢውን እኔ ልሞክርላችሁ እችላለሁ፣ ስልኬ እሱ ነው። ጥያቄውን ጠባብ አድርጋችሁ ላኩልኝ፦ የቱ ጌም፣ የቱ ስሪት፣ የሚፈለገው ፍሬም ሬት ነው ወይስ አለመጋል። እዚህ ሙቀት ላይ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ፍሬሙን ከፍ ካደረጋችሁት ከ20 ደቂቃ በኋላ ስልኩ ግሎ ራሱን ይቀንሳል፣ የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃ ብቻ አይቶ «ይሠራል» የሚል ጽሑፍ የሚወጣው በዚያ ነው። እኔ ቀን 8 ሰዓት ላይ 40 ደቂቃ አጫውቼ፣ ቻርጀር ሳልሰካ፣ በ10ኛው፣ በ20ኛውና በ40ኛው ደቂቃ ያለውን እጽፍላችኋለሁ።